ጨረር ቻይ ሲሊከን፤ የአንድ ሙያዊ ስያሜ ታሪክ

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ የገፋፋን አንድ የትርጉም ስሕተት ነው። ስሕተቱም የሌላ ሰው ሳይሆን የራሳችን ነው። ከዓመታት በፊት የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችን ዝርዝር ወደ አማርኛ እንድንመልስ ተጠይቀን ነበር። በዝርዝሩ ውስጥ በእንግሊዝኛ «ራዲየሽን ሃርድ» የሚል ቅጽል የተሰጣቸው ጥቂት ዕቃዎች ስለ ነበሩ፣ እኛም ብዙ ሳናመነታ «ጠንካራ ጨረር ያለባቸው» ብለን ጻፍን። ጽሑፉ በዚሁ መልክ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ወረደ። የግምጃ ቤቱ ኃላፊም ማንኛውም አስተዋይ ሰው የሚያደርገውን አደረጉ፤ ሣጥኖቹን ለብቻ አስቀምጠው፣ ቀይ ምልክት ለጥፈው፣ ማንም እንዳይጠጋቸው አዘዙ። ዕቃዎቹ ግን ጨረር የሚያወጡ ሳይሆኑ ጨረር ቢያርፍባቸው ቶሎ የማይበላሹ ነበሩ። ነገሩ ታውቆ ሣጥኖቹ እስኪከፈቱ ድረስ ወራት አለፉ።

በእንግሊዝኛ የሁለቱ ቃላት ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ትርጉሙም አብሮ ይገለበጣል። «ሃርድ ራዲየሽን» ማለት በአካል ውስጥ ዘልቆ የመግባት ኃይሉ ከፍ ያለ ጨረር ማለት ሲሆን፣ «ራዲየሽን ሃርድ» ማለት ደግሞ ጨረር በቀላሉ የማይበግረው ዕቃ ማለት ነው። አማርኛ ግንኙነቱን በቃላት ቅደም ተከተል ብቻ ሊያሳይ አይችልም፤ ማን በማን ላይ ምን እንደሚያደርግ በግሡ መናገር ይኖርበታል። ለመሆኑ ይህ ዕቃ በጨረሩ ላይ፣ ወይም ጨረሩ በዕቃው ላይ፣ የሚያደርገው ምንድን ነው? ይህን ሳይመረምሩ ስያሜ ማውጣት እኛ ላይ የደረሰውን ማስደገም ይሆናል። ስለዚህም የነገሩን ታሪክ ከምንጩ ተነሥተን ለማየት ወደድን። ለምሳሌነት የመረጥነው በቅንጣት ፊዚክስ ጠቋሚ መሣሪያዎች ልብ ላይ የሚቀመጠውን የሲሊከን ፒክስል ዳሳሽ ነው፤ ምክንያቱም የሰው ልጅ ከሠራቸው ዳሳሾች መካከል እንደዚህ ያለ የጨረር መዓት እንዲሸከም የተፈረደበት እምብዛም አይገኝም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባልጩት፣ ሲሊከን፣ ፒክስል

ሲሊከን የሚለው ስም የተገኘው በላቲን «ሲሌክስ» ከሚለው ቃል ነው። ሲሌክስ እሳት የሚጫርበት፣ ሲፈለጥም ስለታም ጠርዝ የሚያወጣ ድንጋይ ነው። እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ በ1808 ያልተገኘውን ንጥረ ነገር ከብረታ ብረት ወገን ቆጥሮ «ሲሊሲየም» ሲለው፣ ስኮትላንዳዊው ቶማስ ቶምሰን በ1817 ብረት አለመሆኑን ለማመልከት የስሙን መድረሻ ከካርቦንና ከቦሮን ጋር አስማምቶ «ሲሊከን» አለው። ስዊድናዊው ቤርሴሊየስ ንጥረ ነገሩን ለይቶ ያወጣው በ1824 ነው፤ ስሙ ከነገሩ ቀድሞ ተወለደ ማለት ነው። ሩሲያውያን ላቲኑን ከመዋስ ይልቅ በራሳቸው ቋንቋ የእሳት ድንጋይን ስም መሠረት አድርገው «ክሬምኒ» ብለውታል።

አማርኛም ቢፈልግ ኖሮ መንገዱ ነበረው። ባልጩት ሰባ ከመቶ ያህሉ የሲሊከንና የኦክሲጅን ውሕድ ነው። በመልካ ቁንጡሬ አጠገብ የሚገኘውና ጥንታውያን ሰዎች የመሣሪያ ድንጋያቸውን ያወጡበት የነበረው ባልጭት የተባለው ስፍራ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ድንጋይ ነው፤ ስፍራው በ2024 ከመልካ ቁንጡሬ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይህን የምንጠቅሰው ሲሊከን የሚለውን ቃል ለመለወጥ አይደለም። ቃሉ ሥር ሰድዷል፤ ይቆይ። ነገር ግን ተርጓሚው ሲሊከንን ከሰማይ የወረደ ባዕድ ነገር አድርጎ እንዳያቀርበው ማስታወሱ አይከፋም።

ፒክስል ደግሞ የቅርብ ልደት ነው። በእንግሊዝኛ «ሥዕሎች» የሚለውን ቃል በማሳጠር ከተገኘው «ፒክስ» እና «ክፋይ» ማለት ከሆነው «ኤለመንት» የተቀነጨበ ሲሆን፣ በጽሑፍ ላይ መጀመሪያ የታየው በካሊፎርኒያ የጄት ግፊት ላቦራቶሪ ባልደረባ የነበረው ፍሬድ ቢሊንግስሊ በ1965 ባወጣቸው ጽሑፎች ውስጥ ነው። ጊዜው ከጨረቃና ከማርስ አካባቢ በመንኰራኵር የተላኩ ሥዕሎች ወደ ቍጥር የሚለወጡበት ጊዜ ነበር። ፒክስልን «ነቁጥ» ብለው የሚተረጕሙ የሙያ ባልደረቦች አሉን። ጀርመኖችም «የሥዕል ነጥብ» ስለሚሉት መልካም አርአያ ያገኙ መስሏቸው ይሆናል። በእኛ አስተያየት ግን ለጠቋሚ መሣሪያ ይህ አይስማማም። ነቁጥ ስፋት የለውም፤ የዳሳሹ ፒክስል ግን ርዝመትና ወርድ ያለው፣ ግድግዳ ባይኖረውም ድንበር ያለው ክፍል ነው። ከዚህም በላይ ነቁጥ በአማርኛ የእንከን ስም ስለሆነ፣ ስለ ብልሽት በሚናገር ጽሑፍ ውስጥ ከገባ አንባቢውን ያደናግራል። ፒክስል እንዳለ ይወሰድ።

«ዳሳሽ» የሚለው ቃል ግን እጅግ የተሳካ ሆኖ እናገኘዋለን። መሣሪያው የሚያየው ነገር የለም፤ በላዩ የሚያልፈውን ይዳስሳል እንጂ። ሩብ ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የሲሊከን ገበታ ላይ የኤሌክትሪክ ቮልት ሲጫን፣ በውስጡ የነበሩት ተንቀሳቃሽ ሙሌቶች ተጠርገው ይወጡና ገበታው ኦና ይሆናል። በዚህ ኦና ቀጠና ውስጥ ሙሌት ያለው ቅንጣት ሲያልፍ በየማይክሮ ሜትሩ ወደ ሰማንያ የሚጠጉ ጥንድ ሙሌቶችን ይቀሰቅሳል፤ በሩብ ሚሊ ሜትር ውስጥ በጠቅላላው ሃያ ሺህ ያህል መሆናቸው ነው። እነዚህ ወደ ፒክስሉ ይሰበሰባሉ፤ ቅንጣቱ የት እንዳለፈ የሚታወቀውም በዚህ ነው። ሙሌቶቹ እጅግ ጥቂት ስለሆኑ ቤቱ ኦና ካልሆነ፣ ወይም በመንገድ ላይ የሚያስቀራቸው ካለ፣ ዳሳሹ ይደነዝዛል። ታሪካችን በሙሉ የሚያጠነጥነው በዚህ ነጥብ ላይ ነው።

የዊግነር በሽታ

ጨረር በግዑዝ ነገር ላይ ጕዳት ያደርሳል የሚለው አሳብ ሕያው ከሆነው አካል ጕዳት በኋላ የመጣ ነው። የሮንትገን ጨረር በ1895 እንደ ተገኘ ወዲያው የሐኪሞችና የሠራተኞች እጅ መቃጠል ታወቀ። ድንጋይ ወይም ብረት ይታመማል ብሎ የጠረጠረ ግን እምብዛም አልነበረም። በ1942 ሀንጋሪ ተወላጁ የፊዚክስ ሊቅ ዩጂን ዊግነር፣ በቺካጎ የኒውክሌር ማብላያ ሲታቀድ፣ ፈጣን ኒውትሮኖች የግራፋይቱን አተሞች ከየቦታቸው ሊያፈናቅሉ እንደሚችሉ አስጠነቀቀ። የተባለውም ደረሰ፤ በሃንፎርድ ማብላያዎች ውስጥ ግራፋይቱ አበጠ። ሠራተኞቹ ይህን «የዊግነር በሽታ» አሉት። ስያሜው በቀልድ የወጣ ይምሰል እንጂ፣ ከሙያው ቃላት ሁሉ ለአማርኛ ይበልጥ የሚቀርበው ይኸው ነው ብንል አንሳሳትም። ምክንያቱን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በሽታው መድኃኒት ነበረው፤ ግራፋይቱን በመጠኑ ማሞቅ። አተሞቹ ሲሞቁ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፤ ያከማቹትንም ጕልበት ይለቃሉ። ነገር ግን በእንግሊዝ ሀገር በዊንድስኬል በኦክቶበር 1957 የደረሰው የእሳት አደጋ የተነሣው ይኸው መድኃኒት በሚሰጥበት ሰዓት ነበር። ስለ ፈውሱ የሚናገረው ቃልም ቢሆን በጥንቃቄ መተርጐም እንደሚገባው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

«ሃርድ» የሚለው ቅጽል ወደ ሙያው የገባው ከወታደር ቤት ነው። ምሽግንና የሚሳይል ጕድጓድን ከኒውክሌር ጥቃት ለመጠበቅ «ማጠንከር» ይባል ስለ ነበር፣ የሚሳይሉም የሳተላይቱም ኤሌክትሮኒክስ በዚሁ ቃል ተጠራ። የሰላማዊውን ዓለም ዓይን የገለጠው ቴልስታር የተባለው የመገናኛ ሳተላይት ነው። ቴልስታር በጁላይ 10 ቀን 1962 ወደ ሰማይ ሲላክ፣ አሜሪካ ከከባቢ አየር በላይ ያፈነዳችው የኒውክሌር ቦምብ አንድ ቀን ብቻ ቀድሞት ስለ ነበር፣ ሳተላይቱ በፍንዳታው የተረጨውን ኤሌክትሮን እያቋረጠ ይዞር ጀመር። በኖቬምበር ትእዛዝ መቀበል አቃተው፤ በጃንዋሪ 1963 ለጊዜው አገገመ፤ በፌብሩዋሪ ፈጽሞ ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ «ጠንካራ» የሚለው ቅጽል የሳተላይት ሠሪዎች የዘወትር ቃል ሆነ። ጀርመንኛው ቃሉን እንዳለ ወርሶ «የጨረር ጥንካሬ» ሲል፣ ሩሲያኛው «ስቶይኮስት» አለ፤ ይኸውም ከመቆም ግሥ የተገኘ፣ ወደ ጽናት የሚጠጋ ቃል ነው። ፈረንሳይኛ ሁለት መንገድ ያዘ፤ ዕቃው ስላለው ጠባይ ሲናገር «መያዝ» ከሚለው ግሥ የወጣውን ስም ይጠቀማል፤ ስለ አሠራሩ ሲናገር «ማጠንከር» ይላል።

ዳሳሹ ወደ እሳቱ መሐል

የቅንጣት ፊዚክስ ሰዎች ወደዚህ ጣጣ የገቡት ዘግይተው ነው። በ1980 የሙኒኩ ዮሴፍ ኬመር የኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪ የሚጠቀምበትን የገበታ አሠራር ለሲሊከን ዳሳሽ አዋለው። በ1983 ኤን ኤ 11 የተባለው የሰርን ሙከራ ዕድሜያቸው እጅግ አጭር የሆነ ቅንጣቶችን ለመከታተል በሽርጥርጥ የተከፋፈሉ የሲሊከን ዳሳሾችን ተጠቀመ። ያን ጊዜ የጨረር ነገር ብዙ አያሳስብም ነበር። በአሜሪካ በፌርሚ ላቦራቶሪ ሲዲኤፍ የተባለው ሙከራ በ1992 በግጭቱ ስፍራ ዙሪያ ያስቀመጠው የሲሊከን መከታተያ ግን ኤሌክትሮኒክሱ ጨረር ስለማይችል ወዲያው በ1993 ጨረር በሚችል ሌላ መተካት ነበረበት። የቶፕ ኳርክ መገኘት በ1995 የታወጀው በእነዚህ መሣሪያዎች እገዛ ነው።

ሽርጡን ቈራርጦ ወደ ፒክስል መለወጥ የተጀመረው በዚሁ ዘመን ነው። በሰርን በኤሪክ ሃይኔ የተመራው አር ዲ 19 የተባለው ቡድን በ1990 ሥራ ጀምሮ፣ እያንዳንዱ ፒክስል የራሱ ማጕያ እንዲኖረው አደረገ። ዳሳሾቹ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደብልዩ ኤ 97 በተባለው ሙከራ ውስጥ አገልግሎት ሰጡ። ከዚያም ወደ ታላቁ የሃድሮን ግጭት ማፋጠኛ ተሻገሩ። በአትላስ ጠቋሚ መሣሪያ ውስጥ 80 ሚሊዮን፣ በሲኤምኤስ ውስጥ 66 ሚሊዮን ፒክስሎች ተተከሉ፤ የአትላሱ ፒክስል ወርዱ 50፣ ርዝመቱ 400 ማይክሮ ሜትር ነው። የቅንጣቶቹ ጥቅሎች በሰከንድ 40 ሚሊዮን ጊዜ በሚተላለፉበት ስፍራ፣ ከመሐሉ አምስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ርቆ የሚቀመጥ ዳሳሽ ምን እንደሚያርፍበት መገመት አያስቸግርም። የአትላስ ዳሳሾች ሲታቀዱ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር አንድ ሚሊዮን ቢሊዮን ኒውትሮን፣ ማለትም 1 ቍጥርን 15 ዜሮ አስከትሎ፣ እንዲችሉ ታስቦ ነው። ኒውትሮን የሚባለው እዚህ ላይ መለኪያ ነው፤ ልዩ ልዩ ቅንጣቶች የሚያደርሱት ጕዳት አንድ ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ጕልበት ባለው ኒውትሮን ተመዝኖ ይነገራል፤ በቁናና በእንቅብ የተለያየውን እህል በኩንታል እንደ ማስላት ያለ ነው።

እዚህ ላይ ተርጓሚው ሦስት ነገሮችን እንዳያምታታ እናሳስባለን። በአንድ ጊዜ የሚያልፈው የቅንጣት ብዛት «ፍሰት» ነው። በዳሳሹ ዕድሜ ሙሉ የተጠራቀመው «ድምር ፍሰት» ነው። በዳሳሹ ውስጥ የቀረው ጕልበት ደግሞ «የጨረር መጠን» ነው፤ የኋለኛው የሚለካው ከ1975 ጀምሮ ግሬይ በተባለው መስፈርት ነው። ኤሌክትሮኒክሱን የሚጐዳው በይበልጥ መጠኑ ሲሆን፣ የሲሊከኑን ሆድ ዕቃ የሚጐዳው ድምር ፍሰቱ ነው። ኤሌክትሮኒክሱ በሚያስገርም አጋጣሚ ከችግሩ ተላቀቀ፤ ኢንዱስትሪው ለፍጥነት ሲል ትራንዚስተሮችን እያሳነሰ ሲሄድ በውስጣቸው ያለው ኦክሳይድ እጅግ ሳሳ፤ ሲሳሳም በጨረር የሚጠራቀመው ሙሌት ሾልኮ የሚወጣበት መንገድ አገኘ። ሩብ ማይክሮ ሜትር የደረሰውን የገበያ ቴክኖሎጂ ወስዶ የትራንዚስተሩን ቅርፅ እንደ ቀለበት በመዝጋት ብቻ ብዙ ጨረር የሚችል ዕቃ ማግኘት ተቻለ። ጠንካራ እንዲሆን ያሰበ ሳይኖር ቻለ።

ማገገምና ማገርሸት

የሲሊከኑ ሆድ ዕቃ ግን እንዲህ በቀላሉ አልተላቀቀም። ፈጣን ቅንጣት የሲሊከንን አተም ሲመታ፣ አተሙ 25 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ጕልበት ካገኘ ከቦታው ይፈናቀላል። የለቀቀው ቦታ ጐዶሎ ይሆናል፤ የተፈናቀለው አተም ደግሞ ቦታቸውን በያዙ ጐረቤቶቹ መካከል ይሸጐጣል። ይህን ጥንድ በ1926 የገለጸው ሩሲያዊው ያኮቭ ፍሬንክል ነው። ለተሸጐጠው አተም «ሰርጎ ገብ» ከሚለው የተሻለ አማርኛ አላገኘንም። ቃሉ በሀገራችን የፖለቲካ ቋንቋ ውስጥ ስላለው ሌላ ታሪክ አንዳንድ ባልደረቦች ቅሬታ ቢያሰሙም፣ የቦታው ባለቤት ሳይሆኑ በመካከል መገኘትን እንደዚህ አጥርቶ የሚገልጽ ሌላ ቃል ካለ ለመስማት ዝግጁ ነን።

ጐዶሎዎቹና ሰርጎ ገቦቹ እየተንቀሳቀሱ እርስ በርሳቸውና በሲሊከኑ ውስጥ ካሉ ባዕድ አተሞች ጋር ይጣመራሉ። ከዚህ ሦስት ጕዳት ይከተላል። አንደኛው፣ ዳሳሹ ምንም ቅንጣት ሳያልፍበት ኤሌክትሪክ ማንጠብጠብ ይጀምራል፤ የሚያንጠባጥበው ብዛት ከድምር ፍሰቱ ጋር ትክክል እየጨመረ ስለሚሄድ የጕዳት መለኪያ ሆኖ ያገለግላል። ሙቀት በየሰባት ዲግሪው ከፍ ሲል ማንጠብጠቡ እጥፍ ያህል ስለሚሆን ዳሳሾቹ ከዜሮ በታች በሆነ ቅዝቃዜ ይያዛሉ። ሁለተኛው ወጥመድ ነው፤ ቅንጣቱ የቀሰቀሳቸው ሙሌቶች ወደ ፒክስሉ ሳይደርሱ በየጐዶሎው ተይዘው ይቀራሉ። ሦስተኛው የሲሊከኑ ጠባይ መለወጥ ነው።

ስለ ሦስተኛው ጥቂት እንበል። ሲሊከን የሚፈለገውን የኤሌክትሪክ ጠባይ የሚይዘው እጅግ ጥቂት የባዕድ አተሞች ሲጨመሩበት ነው። እንግሊዝኛ ይህን አሠራር «ዶፒንግ» ይለዋል። ቃሉ በሆላንድኛ መጥለቂያ ስጎ ከሚባለው ምግብ የተገኘ ስለሆነ፣ በአማርኛ «ቅመማ» ማለት ከምንጩም ከነገሩም ጋር ይስማማል፤ አንዲት ቁንጣሪ ቅመም የድስቱን ጣዕም እንደምትለውጥ ሁሉ። ጨረር ግን ቅመሙን ያጠፋል፤ በምትኩም የራሱን ይጨምራል። ድምር ፍሰቱ በካሬ ሴንቲ ሜትር ጥቂት አሥር ሺህ ቢሊዮን ሲደርስ ኤን የነበረው ሲሊከን እንደ ፒ ጠባይ ያሳያል። ከዚያ በኋላ ጨረሩ በጨመረ ቍጥር ገበታውን ኦና ለማድረግ የሚያስፈልገው ቮልት ይጨምራል፤ የአትላስ ፒክስሎች በ150 ቮልት ጀምረው እስከ 600 ቮልት መሄድ እንዲችሉ የተደረጉት በዚህ ምክንያት ነው። እጅግ የሚያስደንቀው ግን ሠሪዎቹ ግልብጠቱን ለማስቀረት አለመሞከራቸው ነው። ፒክስሎቹን በኤን ገበታ ላይ ኤን አድርገው ሠሯቸው፤ በአዲስነቱ ኦናው ቀጠና ከጀርባ የሚጀምር ሲሆን፣ ገበታው ከተገለበጠ በኋላ ከፒክስሎቹ በኩል ይጀምራል። ስለዚህም ገበታው በሙሉ ኦና መሆን ቢያቅተው እንኳ ፒክስሎቹ ይሠራሉ። መሣሪያው የታቀደው ጤነኛ ሳለ ለሚኖረው ጠባይ ብቻ ሳይሆን ከታመመ በኋላ ለሚኖረውም ጠባይ ነበር።

አሁን ወደ በሽታው ቋንቋ እንመለስ። የተጐዳ ሲሊከን በክፍል ሙቀት ለጥቂት ቀናት ቢቀመጥ ሁኔታው ይሻሻላል። በዚያው ሙቀት ለወራት ቢተው ግን መልሶ ይከፋል፤ ከመሻሻሉ በፊት ከነበረበትም ብሶ ይገኛል። እንግሊዝኛ ለሁለቱም ከብረት ሥራ የተዋሰውን አንድ ቃል ይጠቀምና፣ የመጀመሪያውን «ጠቃሚ»፣ የሁለተኛውን «የተገላቢጦሽ» ብሎ ይለያቸዋል። ብረትን አግሎ ቀስ በቀስ በማቀዝቀዝ ማለስለስ ማለት የሆነው ይህ ቃል ወደ አማርኛ በቀጥታ ቢመለስ «የተገላቢጦሽ ማለስለስ» የሚል ነገር ይወጣል፤ አንባቢውም ማጠንከር መስሎት ይስታል። አማርኛ ግን ሕመምተኛን ሲጠብቅ የኖረ ሰው የሚያውቃቸው ሁለት ቃላት አሉት፤ ማገገምና ማገርሸት። ሕመምተኛው አገገመ፤ ሳይጠነቀቅ ቀረና አገረሸበት። ሁለቱ ቃላት ያለ ምንም ቅጽል ልዩነቱን ይገልጻሉ፤ ከእንግሊዝኛውም የበለጠ ይናገራሉ ማለት ይቻላል። ዳሳሹ ግጭት በማይካሄድበት ወቅት እንኳ ለምን በቅዝቃዜ እንደሚያዝ በአማርኛ ለማስረዳት «እንዳያገረሽበት» ማለት ይበቃል።

ሕክምናው ከቅዝቃዜ አልፎ ወደ ጥሬ ዕቃው ገባ። በ1996 የተቋቋመው አር ዲ 48፣ በሌላ ስሙ ሮዝ፣ በሲሊከኑ ውስጥ ኦክሲጅን እንዲበዛ ማድረግ ከፕሮቶንና ከፓየን የሚመጣውን የጠባይ ለውጥ እንደሚቀንስ አሳየ። በኒውትሮን ላይ ግን ኦክሲጅኑ አልረዳም። ይህ ለአንድ ኒውትሮን መለኪያ ሁሉን አስልቶ መናገር ወሰን እንዳለው ያስተማረ ውጤት ነው። በ2002 የተተካው አር ዲ 50 እስከ 2023 በዚሁ መስክ ሠርቷል። በሌላ በኩል ሸርዉድ ፓርከርና ባልደረቦቹ በ1997 ፍጹም የተለየ አሳብ አቀረቡ፤ ኤሌክትሮዶቹ በገበታው ፊትና ጀርባ ከሚነጠፉ ይልቅ እንደ ምሰሶ ገበታውን ሰንጥቀው ይቁሙ የሚል። እንዲህ ሲሆን ሙሌቶቹ የሚጓዙት መንገድ ስለሚያጥር ወጥመድ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ይሰበሰባሉ። ወጥመዱን ማጥፋት ባይቻል መንገዱን ማሳጠር ይቻላል ማለት ነው። በ2014 አትላስ ውስጥ ከመሐሉ 3.3 ሴንቲ ሜትር ላይ የገባው ተጨማሪ ንብርብር ከፊሉ በዚህ ዓይነት ዳሳሽ የተሠራ ሲሆን፣ ከቀድሞው አምስት እጥፍ ድምር ፍሰት እንዲችል ታስቧል። ለ2030ዎቹ የታቀደው የተሻሻለው ማፋጠኛ ደግሞ ከመሐሉ ቅርብ የሆኑትን ዳሳሾች ከ10 ሚሊዮን ቢሊዮን በላይ ያሸክማቸዋል።

ቃሉን ስለ መምረጥ

እንግሊዝኛው ራሱ ከጊዜ በኋላ «ሃርድ» ከሚለው ጎን «ቶለራንት» ማለትን አዘወተረ። ከላይ ያለውን ታሪክ የተከተለ አንባቢ ምክንያቱን ሳይረዳው አይቀርም። ታዲያ አማርኛው ምን ይበል?

«ጥንካሬ» ያስከተለብንን አይተናል። «ጽናት» ውብ ቃል ነው፤ ሩሲያኛውንም ይደግፈዋል። ነገር ግን ቅጽሉ «ጽኑ» ሲሆን ወደ ከባድነት ያደላል፤ ጽኑ ሕመም፣ ጽኑ ቅጣት እንላለንና «ጽኑ ጨረር» ወይም «የጨረር ጽኑ» ወደ ግምጃ ቤቱ ስሕተት ይመልሰናል። «መቋቋም» በሰፊው የሚሠራበት ነው፤ ሆኖም ተቃራኒን ገትሮ መመለስን ያመለክታል፤ ዳሳሹ ደግሞ ጨረሩን አይመልስም፤ ያሳልፈዋል። በተጨማሪም በሲሊከን ነገር የኤሌክትሪክን ፍሰት የመግታት ባሕርይ ራሱን የቻለ ቁም ነገር ስለሆነ፣ ሁለቱ በአንድ ግሥ ከተጠሩ ይጋጫሉ። «የጨረር መቻቻል» የሚልም በአንድ ረቂቅ ውስጥ አጋጥሞናል። መቻቻል የእርስ በርስ ግሥ ነው፤ ሲሊከኑ ጨረሩን፣ ጨረሩም ሲሊከኑን እንዲችል ይጠይቃል። ሲሊከኑስ የሚችለውን ይችላል፤ ጨረሩን ግን ማን ይለምነዋል?

በእኛ አስተያየት ስያሜው «ጨረር ቻይ»፣ ጠባዩም «ጨረር ቻይነት» ቢባል ይስማማል። ቻይ ማለት የማይጐዳ ማለት አይደለም፤ እየተጐዳ ሥራውን የሚቀጥል፣ በሆዱ የሚይዝ ማለት ነው። የባለቤቱና የተሳቢው ነገርም ግልጽ ነው፤ ጨረርን የሚችል እንጂ ጨረር ያለበት ተብሎ ሊነበብ አይችልም። ቻይነት ለሕያው ብቻ የሚነገር ነው የሚል ተቃውሞ ቀርቦብን ነበር። ይህ ከረጢት ምን ያህል ይችላል፣ ድልድዩ ይህን መኪና አይችልም ሲባል የሰማ ሰው ግን ተቃውሞውን አይገፋበትም።

ከባድ የሆነው ሌላው ተቃውሞ ነው፤ እርሱንም ያነሣነው ራሳችን ነን። በ1934 ዓለም አቀፉ የጨረር ጥበቃ ኮሚቴ ለሠራተኞች በቀን 0.2 ሮንትገን የሚል ወሰን ሲያወጣ የመጠኑ ስም «የቶለራንስ መጠን» ነበር፤ ሰው ሊችለው የሚችለው መጠን ማለት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቃሉ ተትቶ «የተፈቀደ መጠን» የሚለው ተተካ። ምክንያቱም የቀድሞው ስያሜ ከወሰኑ በታች ያለ ጨረር ምንም ጕዳት የለውም የሚል እምነት ያሳድር ነበር። ስለዚህ በዕቃ ላይ «ቻይ» ካልን በኋላ አንድ ቸኵሎ የሚተረጕም ሰው ይህንኑ ቃል በሆስፒታል ወይም በማዕድን ማውጫ ወደሚሠራ ሰው ቢያሻግረው፣ የዓለም ባለሙያዎች ለአደጋ ያጋልጣል ብለው የጣሉትን አሳብ በአማርኛ እናስነሣዋለን። የግምጃ ቤቱ ስሕተት ሰዎችን ከማይጐዳ ዕቃ አራቀ፤ ይህኛው ግን ሰዎችን ወደሚጐዳ ነገር ያቀርባል።

ቻይነት የዕቃ እንጂ የሰው ቅጽል እንዳይሆን ይህ በመዝገቡ ውስጥ በግልጽ እንዲጻፍ እንፈልጋለን። የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በ1989 ዓ.ም. ሲታተም ታላቁ የሃድሮን ግጭት ማፋጠኛ ገና አልተሠራም ነበርና፣ ለሚቀጥለው እትም የሚከተለውን ረቂቅ እናቀርባለን።

ጨረር ቻይ፤ ቅጽል። ጨረር እያረፈበትና እየጐዳው ለተወሰነ ድምር ፍሰት ወይም መጠን አገልግሎቱን የሚቀጥል (ዳሳሽ፣ ትራንዚስተር፣ ሌላ ዕቃ)። የሚችለው ልክ በቍጥር ይጠቀሳል። ስለ ሰውና ስለ ሌላ ሕያው አካል አይነገርም፤ ለዚያ «የተፈቀደ መጠን» የሚለውን ተመልከት። «ጠንካራ ጨረር» ከሚለው ይለያል።